ሞሰብ ውስጥ የገባው ስልክ

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 34 ነው። ገርጂ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የሀበሻ ልብስ እያሠራሁ በፌስቡክና በቴሌግራም እሸጣለሁ። ችግሬ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ከአክስቴ ጋር ቡና እየጠጡ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ዋሉ። ማታ ፌስቡክ ስትከፍት የጉልበት ቅባት ማስታወቂያ መጣባት። ‹ሰሙን!› ብላ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና ሊፈላ ሲል የቤቱ ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ሞሰብ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ተከድኖ ነጠላ ይደረብበታል። እንግዳም ቢሆን ስልኩን አስረክቦ ነው የሚቀመጠው።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። ‹እማዬ ልክ ናት። ፌስቡክንም ዋትስአፕንም አጥፉ፣ ሁለቱም የዙከርበርግ ናቸው። የቤተሰቡን ግሩፕ ወደ ቴሌግራም እናዙረው፤ እሱ አይሰለልም› አለ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ብሎ የፓስፖርቱንና የልጆቹን የልደት ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እኔ ፌስቡክን ካጠፋሁ ገበያዬ ተዘጋ ማለት ነው። ደግሞስ ምን የምደብቀው ነገር አለኝ? የምሸጠው ጥልፍ ነው! እናቴ ግን ‹ገንዘብ ስለምታገኚባቸው ነው የምትከላከይላቸው› ትለኛለች። ማን ነው ልክ? እናቴንስ ምን ልበላት?

ግራ የገባኝ፣ ከገርጂ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለቁም ነገሩ፣ አንዴ ለሞሰቡ። እንጀራው የት ሄዶ እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም።

ከእናትሽ ልጀምር። ምንም አልሆኑም፤ ይህን አስቀድመሽ ያዢልኝ። ስልክ የሰው ጨዋታ ሰምቶ ያውቃል። በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአፕል ስልክ ውስጥ ያለችው፣ በድምፅ የምትታዘዘው ሲሪ ሳትጠራ እየነቃች የሰው ወሬ እንደምትቀዳ፣ ከቅጂውም ጥቂቱን ተቀጥረው የሚያዳምጡ ሰዎች እንዳሉ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሐኪምና ታካሚ የተነጋገሩት ሳይቀር ይሰማ ነበር። አፕል ይቅርታ ጠየቀ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጥፋቱን ሳያምን ክሱን በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። አማዞንም አሌክሳ ከምትባለው፣ እንደ ሲሪ በድምፅ ከምትታዘዘው ረዳቱ ጋር በተያያዘ፣ የልጆችን ድምፅ ማጥፋት ሲገባው አስቀምጧል ተብሎ በ2023 ለ25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እሺ ብሏል። ስለዚህ «ስልክ አይሰማም» ብለሽ እናትሽን ለማሳፈር አትቸኩዪ።

የጉልበት ቅባቱ ግን ሌላ ታሪክ ይመስለኛል። በ2018 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው ነበር። ማይክሮፎን ከፍቶ በድብቅ ድምፅ ሲልክ የተያዘ አላገኙም። ይልቅስ ያልጠበቁትን አገኙ። አንዳንዱ አፕ ተጠቃሚው ስክሪን ላይ የሚያደርገውን እየቀረጸ ለሌላ ድርጅት ሲልክ ተያዘ። አየሽ? ጆሮውን ስንጠብቅ በዓይኑ መጣ።

ታዲያ ቅባቱ ከየት መጣ? እቤታችሁ አልነበርኩም፤ ግን ልገምት። ከቡናው በፊት ወይም በኋላ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ስለ ጉልበት ጉግል አድርጓል። ምናልባትም አንቺው ነሽ፤ ለእናትሽ ብለሽ። ሁላችሁም የምትጠቀሙት አንድ ዋይፋይ ከሆነ፣ የአንዱ ፍለጋ ለሌላው ማስታወቂያ ሊጎትት ይችላል። ወይም እናትሽ ባለፈው ሰሞን አንድ ዶክተር ስለ መገጣጠሚያ ሲያስረዳ አይተው ቪዲዮው ላይ ቆይተዋል። ላይክ ማድረግ አይጠበቅባቸውም። ጣታቸው መቆሙ ይበቃል። ፌስቡክ ደግሞ የራሱ ገጽ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ቁጥራቸው የትየለሌ የሆኑ ድረ ገጾች ላይ ትንሽ የማትታይ ኮዱ ተቀምጣለች። የመድኃኒት መሸጫ ገጽ ከከፈትሽ፣ መክፈትሽ ይነገረዋል። በዚህ ላይ ዕድሜና ጾታ ጨምሪበት። የ63 ዓመት እናት ጉልበቷን ሊያማት እንደሚችል ለመገመት ሰላይ መሆን አያስፈልግም። የሰፈሩ ወጌሻም ያውቀዋል።

አንድ ነገርም አለ። እናትሽ በዚያው ሳምንት የጫማ፣ የመኪና፣ የጸጉር ቅባት፣ የቻይና ድስት ማስታወቂያ ሲያዩ ሰንብተዋል። አንዱንም አያስታውሱትም። የጉልበቱ ግን ሲመጣ ደነገጡ።

ይሄ ከመስማት ይሻላል ወይ? ብትጠይቂኝ ይብሳል። መስማት ሳያስፈልጋቸው ካወቁ ሞሰቡ ምን ያደርጋል?

አሁን ወዳንቺ። «ምን የምደብቀው ነገር አለኝ?» ብለሻል። ከደብዳቤው ሁሉ ያንገበገበኝ ይህች ናት። የራስሽን ተይው። ስልክሽ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? የደንበኞችሽ ቁጥርና አድራሻ አለ። የሙሽሮች የልብስ ልክ አለ። የሸማኔው፣ የጠላፊዋ፣ የአክስትሽ ቁጥር አለ። ይህ ሁሉ ያንቺ አይደለም። በአደራ የያዝሽው ነው።

ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባለውን ወሬ ወንድምሽ ሳይነግርሽ አይቀርም። ሰው ሁሉ ስሙን ያነሳዋል፣ ፍሬ ነገሩን ግን ይዘለዋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፌስቡክ ላይ ጠባይ የሚለካ መጠይቅ ያለው አፕ ሠራ። አፑን የጫነው ሰው 270 ሺህ ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ፌስቡክ አንድ ሰው ሲፈቅድ የጓደኞቹንም መረጃ አብሮ ያስወስድ ነበር። መረጃው ለምርጫ ቅስቀሳ ለሚሠራው ለካምብሪጅ አናሊቲካ ተላለፈ። በ2018 ጉዳዩ ሲፈነዳ ፌስቡክ ራሱ ያመነው ቁጥር እስከ 87 ሚሊዮን ሰው ነው። ከ270 ሺህ ወደ 87 ሚሊዮን! የሚበዙት ምንም አልሞሉም፣ ምንም አልፈቀዱም። መጠይቅ የሚወድ ጓደኛ ነበራቸው፣ በቃ። ከነዚያ 270 ሺህ ሰዎች ብዙዎቹ ያንቺኑ ዓረፍተ ነገር ሳይሉ አልቀሩም። «ምን የምደብቀው አለኝ?»

አንቺን ብቻ እንዳልወቅስ፣ እኔም አደራ በልቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ አፕ ፎቶ አሳምራለሁ ብሎ ኮንታክቴን ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ። ፎቶ ለማሳመር የሰው ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ነካሁት። በማግስቱ ስልኬ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ በስሜ ግብዣ ሄዶ አደረ። ለድሮ አከራዬ። ካኮረፈኝ ሦስት ዓመት ለሆነው ባልደረባዬ። ለንስሐ አባቴ። አባ ደውለው «ልጄ፣ ምን የሚሉት ግብዣ ነው ይሄ?» አሉኝ። እስካሁን በቅጡ አላስረዳኋቸውም። ባልደረባዬ ግን በዚያው ታረቀኝ፤ ግብዣውን የእርቅ መልእክት መስሎት።

(በነገራችን ላይ እዚህ አገር «መረጃዬን ወሰዱት» ከማለት «ዳታዬን በሉት» ማለት ይቀናናል፤ የምናወራው ግን ስለ ኢንተርኔት ፓኬጁ ነው። ፓኬጁ በሁለት ቀን ሲያልቅ አገር ይያዝልኝ እንላለን። ያኛው ዳታ ሲሄድ ግን ድምፅ የለውም።)

ወንድምሽ ጋ ልድረስ። እዚህ ረዘም አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም የሱ ስህተት የግማሹ አገር ስህተት ነው።

ንዴቱ ልክ ነው። ፌስቡክ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። ያኔ የአውሮፓ ኅብረት ሲጠይቀው፣ የሁለቱን አፖች ተጠቃሚዎች በአስተማማኝ መንገድ ማገናኘት አይቻልም አለ። በ2016 ማገናኘት ጀመረ። ኅብረቱም አሳሳች መረጃ ሰጥተኸኛል ብሎ በ2017 የ110 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት። ዋትስአፕን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ብራያን አክተን በዚያው ዓመት ኩባንያውን ለቆ ወጣ። በዓመቱ ትዊተር ላይ ወጥቶ ፌስቡክን አጥፉ አለ። ሸጦ የከበረበት ሰው እንዲህ ካለ ወንድምሽ ቢበሳጭ አልፈርድበትም።

ነገር ግን ከ2016 ጀምሮ የዋትስአፕ መልእክት ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ተቆልፎ ነው የሚሄደው። መሀል ላይ ኩባንያው ራሱ ከፍቶ አያነበውም። ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደጻፈ ግን ሊያውቅ ይችላል። ፖስታውን ያያል፣ ደብዳቤውን አያይም በይው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር እንደምትደዋወዪ ማወቅ ብቻውን ብዙ ያናግራል።

ቴሌግራምስ? ተራው የቴሌግራም ቻት እንዲህ አይቆለፍም። መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳይቀማው ይጠበቃል፤ የሚያርፈው ግን ቴሌግራም ሰርቨር (የኩባንያው ኮምፒውተር) ላይ ነው፣ ቁልፉም ያለው ኩባንያው ጋ ነው። አዲስ ስልክ ገዝተሽ ስትገቢ የአምስት ዓመት ፎቶሽ ተግተልትሎ የሚመጣው ከየት ይመስልሻል? እዚያ ተቀምጦ ነው። ግሩፕ ደግሞ እንደ ዋትስአፕ የሚቆለፍበት መንገድ ጭራሽ የለውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት የሚባለው ነው። እሱም ራስሽ ለአንድ ሰው ለይተሽ ካልከፈትሽው አይመጣም። እስቲ ከምታውቂያቸው ሰዎች ማን ከፍቶት እንደሚያውቅ ጠይቂ።

በኦገስት 2024 የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ፓሪስ አጠገብ ካለ አውሮፕላን ማረፊያ በፈረንሳይ ፖሊስ ተያዘ። በወሩ ቴሌግራም ደንቡን አሻሻለ፤ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንቡን የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት የገቡበትን መስመር መለያ) ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታወቀ። መስጠቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሌላ ክርክር ነው። «እሱ አይሰለልም» የሚለው ግን ከየት መጣ?

ወንድምሽ ያደረገውን በቤት ቋንቋ ልንገርሽ። ሳጥኑን የሠራውን አናጢ ስለጠላው፣ ዕቃውን ከተቆለፈው ሳጥን አውጥቶ ቁልፍ የሌለው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ያውም ፓስፖርቱን! ያውም የልጆቹን የልደት ወረቀት!

አሁኑኑ ይህን አድርጊ። ፎቶዎቹን ከስልክሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪና ከቻቱ ላይ ለሁለታችሁም ደምስሺያቸው፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። የቤተሰቡ ግሩፕ ዋትስአፕ ላይ ቢቆይ ምንም አይደለም። ወንድምሽ በዙከርበርግ ቤት አልቀመጥም ካለ ደግሞ ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ያምጣ። ሲግናል ለትርፍ የቆመ ኩባንያ አይደለም። ቅድም ያነሳሁልሽ ብራያን አክተን በ2018 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ነው ሲግናልን የያዘውን ድርጅት ከአፑ መሥራች ጋር ያቋቋመው። መልእክቱም ግሩፑም ሁሌ ይቆለፋል። ችግሩ አክስትሽ ይገቡበታል ወይ? ሰው የሌለበት አፕ ባዶ አዳራሽ ነው። ለሰነድ ሲግናል፣ ለእንቁጣጣሽ ፎቶ ዋትስአፕ ብትሉ ያስኬዳል። ዋትስአፕ ላይ ከቀራችሁ አንድ ቀዳዳ ድፈኚ። የቻቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ጉግል ድራይቭ ላይ ሲቀመጥ፣ ካልቆለፍሽው ያ ሁሉ ጥበቃ የለውም። ሴቲንግ ውስጥ የባክአፕ መቆለፊያ አለ። ክፈቺውና ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጻፊው። ከጠፋብሽ ዋትስአፕም አይመልስልሽም።

ወደ ሱቅሽ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዙከርበርግን እንዲህ እንፈራለን። ዲቪ የምንሞላበት ኢንተርኔት ቤትስ? ስም፣ የልደት ቀን፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ፎቶ፣ ሁሉንም እዚያ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጠን እንወጣለን። ኮምፒውተሩን ከኛ በኋላ ማን እንደሚከፍተው አንጠይቅም። መታወቂያችንን ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን አስደርገን «በቴሌግራም ላክልኝ» እንላለን። የፋይዳ ቁጥራችንን ፎቶ አንስተን ለማናውቀው ደላላ እንልካለን። ከዚያ እቤት ገብተን ስልኩን ነጠላ እናለብሰዋለን።

ሱቅሽን አትዝጊ። መርካቶ ስትሄጂ ቦርሳሽን ወደ ደረትሽ ታዞሪያለሽ አይደል? ነጋዴው ሁሉ ሌባ ነው ብለሽ አይደለም። መርካቶ ይዘጋም አላልሽም። ፌስቡክም ላይ ሱቅ ይኑርሽ፣ ጓዳ አይኑርሽ። ለሥራ ሌላ ሲም አውጪ፤ የቤተሰብ ቁጥሮችና የደንበኛ ቁጥሮች አንድ ስልክ ላይ ባይገናኙ ይሻላል። ፌስቡክም ኢንስታግራምም ኮንታክትሽን ልጫን ሲሉሽ እምቢ በያቸው፤ ድሮ ፈቅደሽም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ማስወገድ ትችያለሽ። የሙሽራ ፎቶ ከመለጠፍሽ በፊት ሙሽራዋን ጠይቂ። እዚህ ላይ ሕግም አለ። በ2016 ዓ.ም. (ይሄ በኛው አቆጣጠር ነው) የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰዎች አዋጁ ለትልልቆቹ ብቻ የወጣ ይመስላቸዋል። የሰው መረጃ ለሥራው የሚሰበስብ ሁሉ ግን ያገባዋል። የደንበኛሽ ቁጥርና የወገብ ልክ ካለሽ አንቺም በትንሹ «ኩባንያው» ነሽ።

እናትሽ «ትከላከይላቸዋለሽ» ሲሉሽ ከፍቶሻል፤ ከአጻጻፍሽ ገባኝ። ግን የእናትሽ ቁጣ ከጉልበት ቅባት የሚሻገር ነገር አለው። እነዚህን ሰዎች ማን ይጠይቃቸዋል ነው ነገሩ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው። ለኛ ሲነገር ያዞራል። ፌስቡክ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ብቻ ከ55 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ነበር። ቅጣቱ የአንድ ወር ገቢው ገደማ ሆነ ማለት ነው። የቅጣቱ ወሬ በተሰማ ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ ወረደ? ወጣ እንጂ! ገበያው «ይቺ ብቻ ናት?» ያለ ይመስላል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በ2021 ስማቸውና ፎቶአቸው በፌስቡክ ፖስቶች ተለጠፈ። የሚሠሩበትና የሚኖሩበት ሳይቀር ተጻፈ። በኖቬምበር መጀመሪያ ከቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ፖስቶቹ እንዲነሱ ደጋግሞ አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ሜታን ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ። ፌስቡክ ላይ የሰው አድራሻ መለጠፍ እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናትሽ አንቺ አታስረጃቸውም። እሳቸው ካንቺ የተሻለ ሳያውቁት አይቀሩም።

ታዲያ ሴቲንግ ነካክቶ ምን ሊመጣ ነው ትይኝ ይሆናል። አፕል በኤፕሪል 2021 አይፎን ላይ አንዲት ጥያቄ አስገባ። አፑ በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ ሊከታተልህ ነው፣ ትፈቅዳለህ ወይ? የምትል። ብዙ ሰው አይሆንም የሚለውን ነካ። የፌስቡክ የገንዘብ ኃላፊ በፌብሩዋሪ 2022 ይህች ጥያቄ በዚያ ዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር እንደምታስቀርባቸው ተናገሩ። በማግስቱ የኩባንያው የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወረደ። 5 ቢሊዮን ሲቀጣ ከት ብሎ የሳቀ ገበያ የሰው ጣት ሲነካው ደነገጠ። (አፕልም ጻድቅ ሆኖ አይደለም። የራሱን የማስታወቂያ ሥራ እያሳደገ ነው፤ ሲሪንም አንረሳም።)

አዝራሩ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ፤ ይህን ደብቄሽ አላልፍም። በ2018 ጉግል የአካባቢ ታሪክ የሚለውን ያጠፋ ሰው ያለበትን ቦታ አሁንም እየመዘገበ እንደሆነ ተጋለጠ። ሌላ ቦታ ሌላ ማብሪያ ነበር፤ የድርና የአፕ እንቅስቃሴ የሚል። እሱ ካልጠፋ ያኛው መጥፋቱ አልበቃም። በ2022 ጉግል ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ አንቺ ሁለቱንም አጥፊ፤ የመጀመሪያው አሁን ታይምላይን ይባላል።

እናትሽን ምን ትያቸዋለሽ? ምንም አትበያቸው። ቅዳሜ ከቡናው በፊት አጠገባቸው ተቀመጪና ስልካቸውን አብራችሁ ክፈቱ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ፐርሚሽን ማናጀር የሚል አለ። ማይክሮፎን የሚለውን ክፈቺ። የተፈቀደላቸው አፖች በዝርዝር ይመጣሉ። አንድ በአንድ አንብቢላቸው፣ እሳቸው ይፍረዱ። «ዋትስአፕ?» «እሱ ይሁን፣ ልጄን የማወራበት ነው።» «ይሄ የካርታ ጨዋታ?» «ምን ሊሰማ!» ራሳቸው ያጥፉት፣ አንቺ አትንኪው። ቀጥሎ ኮንታክት፣ ቀጥሎ ሎኬሽን። ጉግል የሚለው ውስጥ አድስ የሚል አለ፤ የማስታወቂያ መለያውን (ማስታወቂያ ላኪዎች ስልኩን የሚለዩበትን ቁጥር) ከዚያ ደምስሱት። ማስታወቂያው አይቆምም፤ ስለ እናትሽ የሚያውቀው ግን ይቀንሳል።

የባትሪ አፕ፣ ማለት ስልኩን እንደ እጅ ባትሪ የሚያበራ አፕ፣ ካገኛችሁ አጥፉት። ስልኩ ራሱ መብራት አለው። በ2013 የአሜሪካው ንግድ ኮሚሽን በአሥር ሚሊዮኖች ስልኮች ላይ የተጫነ አንድ የባትሪ አፕ የሰዎችን መገኛ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያስተላልፍ ይዞታል። መብራት ለማብራት የት እንዳለሽ ማወቅ ምን ይሠራል?

ከዚያ አረንጓዴዋን ምልክት አሳያቸው ለእናትሽ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንድ አፕ ማይክሮፎን ወይም ካሜራ ሲከፍት ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነገር ትበራለች። አይፎን ላይ ለማይክሮፎን ብርቱካናማ ናት። ለወንድምሽ በድምፅ መልእክት ላኪለትና ስትበራ ይመልከቱ። ሞሰብ ውስጥ የተከደነ ስልክ ምን እንደሚያደርግ አይታይም። ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ግን ምልክቷን ያሳያል።

ወንድምሽ ቅዳሜ ከደወለ ስለ ፓስፖርቱ በጣም አትቆጪው። ሰው አገር ተቀምጦ ቤተሰቡን ለመጠበቅ ነው የተጣጣረው። ሲግናልን እሱ ራሱ ለአክስትሽ በስልክ እየመራ ያስጭናቸው። ሥራው ይብቃው።

ሞሰቡን ግን አትከልክያቸው። እኔ ስልክ የሌለበት ቡና ከጠጣሁ ዘመን የለውም፤ እንግዳ ስልኩን አስረክቦ የሚቀመጥበት ቤት ማግኘት መታደል ነው። ነጠላውን ብቻ አንሺው፣ ስልክ ይግላል። ለእንጀራውም ቦታ ይፈለግለት።